ከአራዳ ዘበኛ እስከ ኮልፌ፦ ጄኔራል ታደሰ ብሩን ለልጆቻችን ስንተርክ

 

ረመዳን የጾምና የሶላት ወር ነው፤ የጨዋታ ወርም ነው። ከኢፍጣር በኋላ ተራዊሕ እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አያቶች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚያች ሰዓት ልጆች ብዙ ነገር ይጠይቃሉ። አንዱ ሐኪም እሆናለሁ ይላል፤ ሌላዋ መምህርት። አንዱ ደግሞ «እኔ ፖሊስ ነው የምሆነው» ሲል ቤቱ ለአፍታ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ዝምታው ከምን ይመጣል? ልጃችንን ከመናቅ አይደለም። መለዮ የለበሰ ሰው አንድ ቀን በገዛ ወገኑ ላይ እንዲቆም ይታዘዛል የሚል የቆየ ፍርሃት በብዙ ቤት ስላለ ነው።

ይህን ፍርሃት በምክር ብቻ ማራቅ አይቻልም። አንድ ሰው መለዮ ለብሶ እንዴት እንደኖረና ምን እንደከፈለ ማወቅ ግን ይጠቅማል። ስለዚህ ዛሬ ከሀገራችን የፖሊስ ታሪክ አንድ ሰው መርጠናል፤ ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩን። ጄኔራሉ ሙስሊም አልነበሩም። «ታዲያ የረመዳን ገጽ ላይ ምን አመጣቸው?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ይገኛል። ከነቢይነታቸው በፊት የመካ ሰዎች የተበደለን ሁሉ ለማገዝ በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ቃል ኪዳን ገብተው ነበር፤ ሒልፈል ፉዱል ይባላል። እሳቸውም ከተካፈሉት አንዱ ነበሩ። ከእስልምና በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በመልካም ያነሱት ነበር። ፍትሕን የፈለገ ሰው ከየትም ቢሆን ታሪኩ ይነገራል። የሐበሻውን ነጃሺን እንኳ ሰሓቦች የሚያስታውሱት ገና በስደት ሲደርሱ ባዩት ፍትሑ ነው።

መለዮ ማለት ምን ማለት ነው?

ዐረብኛ ፖሊስን «ሹርጣ» ይለዋል። የቋንቋው ሊቃውንት ቃሉን «ምልክት» ከሚለው ሥር ያገናኙታል፤ ጠባቂዎቹ ከሕዝቡ የሚታወቁበት ምልክት ያደርጉ ስለነበረ ነው። አማርኛችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም። «መለዮ» የመጣው «ለየ» ከሚለው ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ምልክቱ ጠባቂውን ከሕዝቡ የሚለየው ሕዝቡ በችግሩ ጊዜ ፈልጎ እንዲያገኘው ነው ወይስ ከሕዝቡ እንዲርቅ? ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በመዲና ሌሊት እየዞሩ ሕዝቡን ይጠብቁ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። የዞሩትም የተራበና የተቸገረ እንዳለ ለማወቅ ጭምር ነው።

በእኛ ከተማ የፖሊስ ሥራ የተጀመረው እዚሁ አራዳ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው አካባቢ ነበር። ጨው፣ ማር፣ ቡና፣ አቡጀዲ፣ ፈረስና በቅሎ ይሸጥበታል። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ዐረቡ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ ይገናኙበታል። ያንን ገበያ የሚጠብቁት «የአራዳ ዘበኞች» ይባሉ ነበር። ስሙ ከገበያው አልፎ የከተማ ጥበቃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቆየ። በዚሁ አካባቢ ያለው የበኒን ሰፈር ኑር መስጊድ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘመን ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከዐደን የመጣ አይሁዳዊ ነበር። የአራዳ ነገር እንዲህ ነው፤ ሙስሊም የሚሰግድበት ሰፈር በአይሁዳዊ ነጋዴ ስም ይጠራል፣ ማንም አይገረምም።

ከዚያ በፊት ወንጀለኛ የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነበር። በገጠሩ አውጫጭኝ ነበረ፤ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር ድረስ ይቆያል። ሌባሻይም ነበረ። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና እየተመራ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተጎዳ አላህ ያውቃል። ምስክርና ማስረጃ የሚጠይቅ ጥበቃ ለድሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም የፖሊስ አዋጅ ወጣ። የሀገሪቱ ፖሊስ በእንግሊዝ መኮንኖች እገዛ በአዲስ መልክ ተደራጀ። ታደሰ ብሩ በመለዮ ያደጉት በዚህ አዲስ ተቋም ነው።

የሰላሌው ልጅ

ታደሰ ብሩ በሰላሌ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወለዱ። የጣሊያን ወረራ የደረሰባቸው ገና በወጣትነታቸው ነው። ከነፃነት በኋላ በመለዮ አገልግሎት ደረጃ በደረጃ አደጉ። የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ ሆኑ። በኋላም የብሔራዊ ጦርን መርተዋል።

የዚያን ዘመን ሁኔታ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያስፈልጋል። ኦሮሞ በሀገሪቱ በቁጥር ብዙ ሕዝብ ነው፤ በቤተ መንግሥትና በከፍተኛ ሹመት ግን ቋንቋው አይሰማም ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አማርኛውን አሳምሮ፣ የመጣበትን ዝም ብሎ መውጣት ይጠበቅበታል። በዚህ ረገድ ሙስሊሙም ከዚያ የተለየ አልነበረም። ዒድ የሀገሪቱ በዓል ስላልነበረ፣ ሙስሊም የመንግሥት ሠራተኛ ለዒድ ሶላት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ይህ የተለወጠው ሚያዝያ 1966 ዓ.ም ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ከወጡና ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ ሰልፉን የሚያስታውስ አይጠፋም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲነሳ የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ፅጌ ዲቡ ከአመፀኞቹ ጋር ተሰለፉ፤ በግጭቱም ሕይወታቸው አለፈ። ታደሰ ብሩ በተቃራኒው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቆሙ፤ ሙከራው እንዲከሽፍ ካደረጉት መኮንኖችም አንዱ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። ኋላ አመፀኛ የተባሉት ሰው በሥርዓቱ ከባድ ቀን ለሥርዓቱ የታመኑ ነበሩ።

ኮልፌ ያረፈው እንግዳ

በ1954 ዓ.ም አጋማሽ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ለስብሰባ አዲስ አበባ ገባ። በኋላ ዓለም ሁሉ ያወቃቸው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ያኔ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ይንቀሳቀሱ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ሲበሩ የአውሮፕላኑ አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው መደንገጣቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ያበራል ብለው አስበው አያውቁም ነበርና።

በዚያው ዓመት ክረምት ለወታደራዊ ሥልጠና ተመልሰው መጡ። የሠለጠኑት ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው። የውትድርና ትምህርት ያስተማሯቸው ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ናቸው። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ረጅም የእግር ጉዞ ሁሉ ነበረበት። ማንዴላ እንደጻፉት ከታደሰ የተማሩት መተኮስን ብቻ አይደለም። የነፃነት ሠራዊት እንዴት እንደሚመራ፣ አዛዥ ከወታደሩ ጋር እንዴት እንደሚኖርም ተምረዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር። ስምንት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ከሀገራቸው «ተመለስ» የሚል ጥሪ መጣ። ኮሎኔል ታደሰ ሲሸኟቸው ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። ማንዴላ ሽጉጡን ጆሃንስበርግ አቅራቢያ በሚገኘው በሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት፤ ከዓመታት በኋላ ቢፈለግም አልተገኘም። እሳቸውም ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመታት በኋላ ነው። በኋላ የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው ጓዶቻቸው መካከል ሙስሊሙ አሕመድ ካትራዳም ነበር።

ከዚሁ ካምፕ የወጣ ሌላ ታሪክም አለ። ከአሠልጣኞቹ አንዱ የነበሩት ሻምበል ጉታ ዲንቃ በእርጅናቸው ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገሩት፣ እንግዳውን እንዲገድሉ ገንዘብ ቀርቦላቸው ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ብለው ለአለቆቻቸው አሳወቁ። እኛ ይህን «አማና» እንለዋለን። በእጅህ የተሰጠህን ሰው፣ ያውም እንግዳን፣ በገንዘብ አለመሸጥ።

እኛ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ኮልፌን የምናውቀው በሌላ ነገር ነው። ሙታኖቻችንን የምንሸኘው ወደዚያ ነው። ጀናዛ ቀብረን ስንመለስ ለመኪናው ተራ እየጠበቅን የምንቆምባት ምድር፣ በአንድ ወቅት የደቡብ አፍሪካ ነፃነት መሪ ላቡን ያፈሰሰባት ሰፈር መሆኗን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

ፊደልና ማኅበር

ጄኔራል ታደሰ ከፖሊስ ሥራቸው በተጨማሪ መሃይምነትን ለማጥፋት የተጀመረውን ሀገራዊ ዘመቻ ይመሩ ነበር። የሕይወታቸው መንገድ የተለወጠው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በዚህ የፊደል ሥራ ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው፣ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጄኔራሉን አማራ መስለውት «ኦሮሞን ማስተማር ላይ ረጋ በል» የሚል ምክር ሰጣቸው። አማርኛቸውና መለዮአቸው ማንነታቸውን ጋርዶት ነበር። በዚያች ሰዓት ታደሰ ብሩ ራሳቸው «ኦሮሞ ነኝ» ባይሉም ሹመታቸው አይነካም ነበር። ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

ዝም አላሉም። በ1955 ዓ.ም በኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳና በጓዶቻቸው የተመሠረተውን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1956 ዓ.ም ተቀላቀሉ። ማኅበሩ የራስ አገዝ ማኅበር ነበር፤ ገንዘብ አሰባስቦ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት የተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ከሸዋ አልፎ እስከ አርሲና ባሌ ደረሰ፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ኦሮሞ በአንድ ስብሰባ አቀመጠ። አንድ ጄኔራል መለዮውን ለብሶ በገበሬ መካከል ቆሞ በገበሬው ቋንቋ «ልጆቻችሁን አስተምሩ» ሲል ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር መገመት አያስቸግርም። መንግሥትም ያን ስሜት አይቶ ፈራ።

ሲኒማ አምፒር

ታሪኩ ወደ ፒያሳ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በ1959 ዓ.ም መጀመሪያ በፒያሳው ሲኒማ አምፒር ቦምብ ፈነዳ፤ ሰዎችም ተጎዱ። መንግሥት ጥፋቱን በማኅበሩ አባላት ላይ አደረገ። የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ እኛን ለመክሰስ የተቀነባበረ ነው አሉ። ጉዳዩ እስከዛሬ በሁለት ዓይነት ይተረካል። በቀላል ቃል አናልፈው፤ ፊልም ሊያይ የገባ ሰው በቦምብ መጎዳቱ በማንም ስም ቢሠራ በደል ነው።

ጄኔራል ታደሰና ሌሎች የማኅበሩ መሪዎች ተያዙ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። መኮንኑ ማሞ መዘምር በስቅላት ተቀጣ። ታደሰ ብሩ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠና ወደ ሐረርጌ ገለምሶ ተላኩ። ትናንት እስረኛ የሚያስጠብቁ አዛዥ ዛሬ በፖሊስ የሚጠበቁ እስረኛ ሆኑ። የአብዮቱ ጊዜ ሲመጣ ተፈቱ። ከአዲሱ መንግሥት ጋርም አልተስማሙም፤ ወደ ጫካ ገቡ፣ ተያዙ፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ተገደሉ። ሁለት ሥርዓት የሞት ፍርድ ፈርዶባቸዋል ማለት ነው። ማንዴላ ከእስር ሲወጡ ሽጉጥ ሰጥተው የሸኟቸው አሠልጣኝ በሕይወት አልነበሩም።

በለንደንስ?

ሌላውን ዓለም ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። እ.ኤ.አ በ1967 ኖርዌል ሮበርትስ የሚባል ከአንጉዊላ ደሴት የመጣ ጥቁር ወጣት የለንደን ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ። በዘመናችን በዚያ የፖሊስ ሠራዊት የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ባልደረቦቹ አስቸገሩት። አናነጋግርህም አሉት፤ የዩኒፎርሙን ቁልፍ ነጠቁት። እሱ ግን 30 ዓመት አገልግሎ፣ የንግሥቲቱን የፖሊስ ሜዳሊያ ተሸልሞ በክብር ጡረታ ወጣ። በዚያው የለንደን ፖሊስ እ.ኤ.አ በ2001 ሙስሊም ሴት ፖሊስ ከዩኒፎርሟ ጋር ሂጃብ እንድትለብስ ተፈቀደ።

ልብ በሉ፤ ሮበርትስ መለዮ በለበሰበት ዓመት ታደሰ ብሩ መለዮአቸው ተገፎ እስር ቤት ነበሩ። የሁለቱ ፈተና አንድ አይደለም። የለንደኑ ሰው ማንነቱን ቆዳው ላይ ተሸክሞታል፣ መደበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ፈተናው መቻል ነበር። የእኛው ጄኔራል ማንነታቸውን መደበቅ ይችሉ ነበር፤ ፈተናቸው መናገር ነበር። ሮበርትስ የታገሠበት ተቋም ቀስ በቀስም ቢሆን ተለወጠ፤ ጡረታ የወጣውም በዚያው ቤት ነው። የታደሰ ብሩ ሀገር ግን የተለየ ድምፅ ሲሰማ ሰውየውን ከማስወገድ ሌላ መንገድ አላገኘችም። ሀገር ልጇን እንዲህ ስታጣ የምትጎዳው ራሷ ናት፤ ለሥርዓቱ ታምኖ የቆመውን ሰው ነው ያሳደደችው።

ለቤታችን ምን እንውሰድ?

የጄኔራሉን መንገድ በሙሉ ተከተሉ አንልም። ጫካ መግባትን ለልጆቻችን አንመክርም፤ ደም የፈሰሰበትን ነገር ሁሉ ሰም ቀብተን አናስተላልፍም። ይሁን እንጂ ከሕይወታቸው ሦስት ነገር ይዘን ወደ ማዕዳችን ብንመለስ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ፖሊስነት ክቡር ሥራ ነው። ሌሊት ሌባን የሚከለክል፣ የጠፋ ልጅ ለእናቱ የሚመልስ፣ የተጣላን የሚገላግል ሰው በአላህ ዘንድ አጅር አለው፤ ነይያው ከጠራ። ልጃችሁ ፖሊስ እሆናለሁ ሲል ፊታችሁ አይጥቆር። ይልቅ «ማንን ልትጠብቅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ደካማውን» ከሆነ ዱዓ አድርጉለት።

ሁለተኛ፣ መለዮ ስምን አይበላም። አሕመድ የሚባል ልጅ ለሹመት ብሎ ስሙን መቀየር፣ ፋጡማ ለሥራ ብላ የእናቷን ቋንቋ መርሳት የለባቸውም። ቁርኣን ሰዎች ጎሳና ሕዝብ ሆነው የተፈጠሩት እንዲተዋወቁ መሆኑን ያስተምራል። ራሱን የደበቀን ሰው ግን ማን ሊተዋወቀው ይችላል? በዚያው ልክ፣ ወገኔን እወዳለሁ ማለት የሌላውን ወገን መብት መንካት አይደለም። ቁርኣን በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም ያዘናል። ፖሊስ የሆነ ልጃችን የሰፈሩን ሙስሊም ሌባ የሚያልፍ፣ የሌላውን የሚይዝ ከሆነ አማናውን በልቷል።

ሦስተኛ፣ ታሪክን ከሰፈራችን እንጀምር። በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አዲስ ሕንፃ ይነሳል። የአራዳ ዘበኛ ማን እንደነበረ፣ በሲኒማ አምፒር ምን እንደሆነ፣ ኮልፌ ማን እንደሠለጠነ የሚያውቁት ግን ከቤታቸው ጋር ከሰፈሩ የተነሱት አዛውንቶች ናቸው። አያትህ ዛሬ አያት ወይም ገላን ይኖር ይሆናል፤ ትዝታው ግን አሁንም አራዳ ነው።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን አንድ አደራ እንበላችሁ። ከፒያሳ የተነሳ የቀድሞ ጎረቤት ካላችሁ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ አንድ ምሽት ለኢፍጣር ጥሩት። መኪና ከሌለው ሄዳችሁ አምጡት። ሾርባው ከተጠጣ በኋላ ልጆቻችሁን አጠገቡ አስቀምጡና ስለ ድሮው አራዳ ይጠይቁት። የሚነግራቸውን አንዱ ልጅ በደብተሩ ይጻፈው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሀገራችንን ፍትሕ ያለባት ሰላም የሰፈነባት ያድርግልን። አሚን።